ፋኑ መቼ ይነሳ፣ በምን ያህል ፍጥነትስ ይዙር?

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ የመኪና ራዲያተርን ስለሚያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ፋን ናቸው። ሦስቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። አይገርምም። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና ሞተር እየቀየረ መንዳቱን ተያይዞታል። ሞተሩ እንደምንም ይገባል። የሚቸግረው ፋኑ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሲሪየስ 3 ላንድሮቨር አለኝ፣ የዶልፊን 3ኤል ሞተር አስገብቼበታለሁ። ሞተሩ ወደ ፊት ስለመጣ ከራዲያተሩ ጋር ያለው ክፍተት አንድ ስንዝር አይሞላም። ስለዚህ የሞተሩን ፋን አወጣሁትና ከሱማሌ ተራ ሁለት ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ፋኖች ገዝቼ በማብሪያ ማጥፊያ እያሠራኋቸው ነው። አየር ጤና ጋ መንገዱ ሲዘጋጋ ካላበራኋቸው ይሞቃል፣ ካበራኋቸው የፊት መብራቱ ድብዝዝ ይላል፣ ማጥፋቱንም እረሳለሁ። ሙቀቱን እያየ በራሱ ፍጥነት የሚጨምርና የሚቀንስ ነገር መግጠም አማረኝ። መካኒኬ ግን "ምን አደከመህ፣ ቴርሞስታቱን አውጣውና ይበርድልሃል" አለኝ። አንተስ ምን ትላለህ? (ከሰበታ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ አትንካው። "አውጣው ይበርድልሃል" የሚባለው ምክር እዚህ አገር ስንት ሞተር እንደበላ ቤቱ ይቁጠረው። ቴርሞስታት የሌለው የናፍጣ ሞተር በሰበታ የጠዋት ብርድ በቶሎ አይሞቅም። ያጨሳል፣ ናፍጣም ይበላል። ላንተ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የፋን መቆጣጠሪያው ሥራውን የሚጀምረው ቴርሞስታቱ ካቆመበት ነው። እሱ ከሌለ መነሻ የለህም። ፈትተህ ቁጥሩን አንብብና መልሰህ ግጠመው። ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88 የሚል ታትሞበታል። ቁጥሩን ያዘው፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ቀጥሎ፣ ሙቀቱ የሚመጣው የት የት እንደሆነ ለይ። ቆመህ ወይም እየተጎተትክ ስትሄድ ሞቆ መንገድ ሲከፈት የሚበርድ ከሆነ ችግሩ አየር ነው፣ ፋን ያድነዋል። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን ጭነህ ስትወጣ የሚሞቅ ከሆነ ግን ራዲያተሩ አንሶሃል፣ ወይም በቧንቧ ውሃ ዝቃጭ ተደፍኗል። ያኔ የዓለምን ፋን ብትደረድርበት ለውጥ የለውም። አንተ እንደጻፍከው ከሆነ የመጀመሪያው ነው።

የራዲያተሩን ክዳንስ አይተኸዋል? ይሄን ነገር ሰው ይንቀዋል። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያሉት። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። 0.9 የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ይሄን የመፍያ ነጥብ ወደ 115 ገደማ ይገፋዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይዝም። እንግዲህ አስበው፤ ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ አይተህ ፋኑ 97 ዲግሪ ላይ ሙሉ ኃይሉን እንዲሰጥ አደረግከው እንበል፣ ክዳንህ የሞተ ከሆነ ፋኑ ገና ሳይጠነክር ውሃው ይፈላል፣ አንተም ኮንትሮለሩን (የፋን መቆጣጠሪያውን) ትረግማለህ። በዚያ ላይ አየራችን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን ያንኑ ዙር ዞሮ እዚህ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ፋን ስትመርጥ ትንሽ ተለቅ ያለውን ውሰድ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። የፋን ዙር በግማሽ ሲቀንስ የሚያንቀሳቅሰው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚፈልገው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሁለቱ ፋኖችህ ሙሉ ሲዞሩ 40 አምፔር የሚበሉ ከሆነ በግማሽ ዙር ወረቀት ላይ 5 አምፔር ነው። ኮንትሮለሩም የሞተሩ ብሩሽም የየድርሻቸውን ስለሚወስዱ በተግባር 7 ወይም 8 በለው። አየር ጤና ላይ ቆመህ ሞተሩ ሥራ በሌለው ሰዓት የሚያስፈልግህ ይሄ ግማሹ ነው፤ ሙሉውን የምትፈልገው አልፎ አልፎ ነው። መብራትህ የሚደበዝዘውም ሁሉም ነገር ባንዴ ስለሚመጣበት ነው። 20 አምፔር የሚበላ ፋን ሲነሳ ለቅጽበት ከ50 በላይ ሊስብ ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስትለኩሳቸው፣ ያውም ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ዲናሞው ግማሽ ኃይሉን እንኳ በማይሰጥበት ሰዓት፣ መብራቱ ባይደበዝዝ ነበር የሚገርመኝ።

የምትፈልገው ዕቃ ፒ ደብሊው ኤም ኮንትሮለር ይባላል። 12 ቮልቱን በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እያበራና እያጠፋ፣ የበራበትን ጊዜ በማስረዘምና በማሳጠር ፍጥነቱን ይወስናል። ደህናው ዓይነት ፋኑን ቀስ አድርጎ ስለሚያስነሳው ያ የመነሻ ድንጋጤ ይቀራል። ስትገዛ ላዩ ላይ የተለጠፈውን አምፔር ብቻ አትመን። 40 ተብሎ ተጽፎበት የማቀዝቀዣ ክንፉ የክብሪት ቀፎ የምታክል ከሆነ 20 መቻሉንም እጠራጠራለሁ። ኤሌክትሮኒክስ ቤት የሚሸጡት በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያላቸው የዲሲ ሞተር መቆጣጠሪያዎች ደግሞ ሙቀት አያዩም፣ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ሙቀቱን የሚያነበው ሴንሰር የት ይሁን? ራዲያተሩ ክንፎች መሃል የሚሰካውን ዓይነት ተወው። ውሃውን ሳይሆን ላሜራውን ነው የሚያነበው፣ አንዳንዴም እየተፋተገ ቱቦ ይበሳል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ትርፍ ቀዳዳ ካለ እዚያ ግጠመው። ከሌለ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተቆርጦ መሃሉ ላይ የሚገባ፣ ሴንሰሩ የሚታሰርበት ጥርስ የወጣለት የብረት ቀለበት አለ፤ ቶርኖ ቤትም ይሠሩልሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር) የሚያገኘው ከታሰረበት ብረት ነው። ያ ቀለበት ግን በሁለት ጎማ መሃል ተንጠልጥሎ ነው ያለው፣ ሞተርም ሻንሲም አይነካም። ከቀለበቱ ወደ ሞተሩ አንዲት የማሳ ሽቦ ካልወረደች ኮንትሮለሩ ምንም አያይም፤ ሰውየውም ሴንሰሩን ሦስቴ ይቀይራል። የዳሽቦርዱ ጌጅ የሚጠቀምበትን ሴንሰርም አታጋራ፣ ንባቡ ይዛባል።

ክዳንህ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጥክ፣ አሁን ያቺን የቴርሞስታት ቁጥር አምጣት። ቴርሞስታቱ 82 ከሆነ ፋኑ 88 ዲግሪ ላይ በ30 በመቶ ይነሳ፣ 97 ሲደርስ ሙሉ ይሁን፣ ሲወርድ 85 ላይ ይጥፋ። 88 ከሆነ ሁሉንም በአምስት አምስት ዲግሪ ከፍ አድርገው። መነሻውን ከቴርሞስታቱ ቁጥር በታች ካደረግከው ፋኑ ሲያርፍ አታይም። ከ30 በመቶ በታችም አትውረድ፤ ብሩሽ ያለው ሞተር ኃይሉ ሲያንሰው ሳይነሳ ቆሞ ይግላል።

ፋኖቹ ራዲያተሩን ሰንጥቆ በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ ከታሰሩ ፍታቸው። አየር የሚስቡት ከፊታቸው ካለው ክብ ብቻ ነው፣ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሥራ ፈት ናቸው። ላሜራ ሠሪ ጋ ሂድና ራዲያተሩን ሙሉ የሚሸፍን፣ ፋኖቹን ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ከራዲያተሩ የሚያርቅ ሳጥን አስወጣ። በአንድ ስንዝር ውስጥ እንዲገባ ስስ ሞተር ያለውን ፋን ምረጥ። ከታሰረ በኋላ አንድ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት አስጠጋ። ከተለጠፈ አየሩ ወደ ሞተሩ እየተሳበ ነው። ከተገፋ ሽቦው ተገልብጧል።

ሽቦ ላይ አትቆጥብ። ለ40 አምፔር 10 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተጠቀም። 50 አምፔር ፊውዝ አድርግበትና ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር አይራቅ። ማሳውን ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ ከማሰር እስከ ባትሪው ድረስ ውሰደው። ሲያልቅ ፋኖቹ ሙሉ እየዞሩ ባትሪው ላይና ፋኑ ሶኬት ላይ ቮልቱን ለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ አንድ መጋጠሚያ እየበላው ነው። ዲናሞውን በትልቅ ልትቀይር ካሰብክ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ የ3ኤል ዲናሞ ከጀርባው የፍሬን ቫኪዩም ፓምፕ ተሸክሟል። ፓምፕ የሌለው ዲናሞ ብታስገባ መብራትህ ይደምቅና ፍሬንህ ይደርቃል።

ለኔ ዋናው ጥያቄ ግን ኮንትሮለሩ የተበላሸ ቀን ፋኑ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ቁልፍ ክፈትና የሴንሰሩን ሽቦ ንቀል። ፋኑ ሙሉ ከዞረ ኮንትሮለሩ ደህና ነው። ዝም ካለ ለሻጩ መልስለት። ያንን የድሮ ማብሪያ ማጥፊያህንም አትጣለው፤ ከሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ከሚያበራ የኤሌክትሪክ ቁልፍ) ጋር አገናኝተህ ኮንትሮለሩን ዘሎ ፋኑን የሚያስነሳ መጠባበቂያ አድርገው። ኮንትሮለርህ የሚቆርጠው ማሳውን ከሆነ ሪሌውም ማሳ ይስጥ፣ ፖዘቲቩን ከሆነ ፖዘቲቭ ይስጥ። ካምታታኸው ሾርት ያደርጋል። ፋኑን ጨርሶ የሚያጠፋ ሌላ ቁልፍም ጨምርበት። በክረምት ጎርፍ ስትሻገር ፋኑ እየዞረ ውሃ ውስጥ ከገባ ክንፉ ወደ ፊት ታጥፎ ራዲያተሩን ይልጠዋል።

የአዲሱን ሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ አስቀይረሃል ብዬ አልፋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ሞዴሏ 94 የሆነ ኮሮላ አለችኝ። ፋኗ አልነሳ ሲል ጋራዥ ወሰድኳት፣ መካኒኩ ስዊቹን ዘሎ ዳይሬክት አደረገው። አሁን ቁልፍ ከከፈትኩ ጀምሮ ያለማቋረጥ ይዞራል። ጉዳት አለው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሞተሩን አይገድለውም፣ ቴርሞስታቱ ካለ። ፋኑ ግን ብሩሹ ያለ ጊዜው ያልቃል፣ ዲናሞውም በከንቱ ይደክማል። የኔ ቅሬታ በሽታው ሳይታወቅ መሸፈኑ ላይ ነው። ዳይሬክቱን ያስፈቱና ይህን ይሞክሩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ቁልፍ ይክፈቱ፣ የፋኑን የሙቀት ስዊች ሶኬት ይንቀሉ። በእነዚህ የድሮ ቶዮታዎች ስዊቹ የተሠራው ሽቦው ሲቋረጥ ፋኑ እንዲነሳ ተደርጎ ነው። ሶኬቱን ሲነቅሉ ከዞረ ፋኑም ሪሌውም ፊውዙም ደህና ናቸው፣ የሞተው ስዊቹ ነው፤ እሱን ብቻ ያስቀይሩ። ካልዞረ ፊውዙንና ሪሌውን ያስዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ሰላም። ዶልፊን ሚኒባስ ወደ ቁርስ ቤት አስቀይሬ ገላን ኮንዶሚኒየም በር ላይ እሠራለሁ። የሞተሩ ፋን ወጥቶ ሁለት አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ፋኖች ተገጥመዋል። ባትሪ ለመሙላት ሞተሩን ሳስነሳ ፋኖቹ ባንዴ ሲጮሁ ደንበኛው ሁሉ ይደነግጣል። ኮንትሮለር ጠየቅኩ፣ ዋጋው አልተቻለም። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ እህቴ፣ አለ። ሁለት ፋን ስላለሽ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ሁለቱን በተከታታይ ካሰርሻቸው እያንዳንዱ ወደ 6 ቮልት ይደርሰዋል፣ በዝግታና በጸጥታ ይዞራሉ። ጎን ለጎን ካሰርሻቸው ሁለቱም ሙሉ 12 ያገኛሉ። ይሄን የሚቀያይሩት ሦስት ተራ ሪሌዎች ናቸው፣ ብዙ ፋብሪካ መኪኖችም ለዓመታት የሠሩት እንዲሁ ነው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ብዙ ሙቀት አያወጣም፣ ለቁርስ ሰዓት ዝግታው ይበቃሻል።

ለኤሌክትሪሺያኑ እንዲህ በዪው፤ ቁጥሮቹ ሪሌው እግሮች ላይ የተጻፉት ናቸው። አንደኛው ሪሌ ለመጀመሪያው ፋን ፖዘቲቭ ይሰጣል። የዚህ ፋን ማሳ ወደ ሁለተኛው ሪሌ 30 ቁጥር ይግባ፤ ይሄ ሪሌ ባለ አምስት እግር መሆን አለበት። 87ኤ ወደ ሁለተኛው ፋን ፖዘቲቭ ይሂድ፣ 87 ወደ ማሳ። የሁለተኛው ፋን ማሳ እንዳለ ይቅር። ሦስተኛው ሪሌ ለሁለተኛው ፋን ፖዘቲቭ በቀጥታ ይሰጣል። 88 ዲግሪ ላይ የሚነሳ ስዊች አንደኛውን ሪሌ ብቻ ያስነሳ፣ 97 ላይ የሚነሳው ደግሞ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ። የመጀመሪያው ፋን ቢቃጠል ዝግታው አይሠራም፣ ሙቀቱ 97 ሲደርስ ግን ሁለተኛው ሙሉ ይነሳል። ስለዚህ ፋን ዝም ካለሽ ጌጁን እዪ።

የጭስ ማውጫውን ጫፍም ከመሸጫ መስኮቱ በተቃራኒ በኩል አስወጪው፣ ሰው ቆሞ እየበላ ነው። ሪሌዎቹ ከዘይትና ከእንፋሎት ርቀው በክዳን ሳጥን ይሁኑ። ጋራዡ "ይሄማ አይሠራም" ካለሽ ገጹን ገንጥለሽ ስጪው።