ቻርጅ ላይ ሲሰካ የሚግል ላፕቶፕ፦ ጥያቄና መልስ

መልስ፦ ሰላም ጎጃሞች። ባሕር ዳር ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ቻርጅ ላይ ሲሆን ስለሚግል ላፕቶፕ ጠይቁኝ። ግን የቱ ጋ እንደሚሞቅ ንገሩኝ። ባትሪው ካበጠ ደግሞ ጥያቄ የለም፤ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ የኔ ቻርጅ ሳደርገው ከኪቦርዱ በላይ በግራ በኩል እጅ ያቃጥላል። ፋኑም ይጮኻል። በባትሪ ሲሠራ ደህና ነው።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! በባትሪ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ይቆጥባል። ቻርጅ ሲሰካ ቱርቦ፣ ማለት ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት ሁኔታ ውስጥ ገብቶ ይጋልባል። ባትሪው ብዙ ጊዜ እጅህን የምታሳርፍበት ሥር ስለሆነ እሱን አትጠርጥር። ጀርባውን ክፈትና ፋኑና የብረት ክንፎቹ የሚገናኙበትን እይ። አቧራው እዚያ ተጋግሮ ባና መስሎ ታገኘዋለህ። ከውጭ በመንፋት አይለቅም፤ በብሩሽ ነው የሚነሳው። የቀረውን ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ እንዳይሽከረከር። የፕሮሰሰሩ ፔስት፣ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ከደረቀ በአልኮል ጠርገህ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ አድርግ። እስከዚያው ዊንዶውስ ላይ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተህ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴትን ከ100 ወደ 99 አውርደው። በብዙ ላፕቶፕ ቱርቦው ይጠፋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ የኔም ይሞቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቅኔ አደረግኸው እኮ። ሰሙን ሰጥተህ ወርቁን ፈልግ ነው? የቱ ጋ ነው የሚሞቀው?

ከዳንግላ፦ ቻርጀሬ ተቃጥሎ ሌላ ገዛሁ። የድሮው 19.5 ቮልት 4.62 አምፔር ነበር፤ አዲሱ 19.5 ቮልት 3.34 አምፔር ይላል። ቻርጀሩ ራሱ ይግላል።

መልስ፦ ቮልቱን በአምፔሩ አባዛው፣ ዋቱን ታገኛለህ። የድሮው 90 ዋት፣ አዲሱ 65 ዋት። አቅሙ ጫፍ ላይ ደርሶ ነው የሚሠራው፣ እንዴት አይግል! ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። አምፔሩ ቢበልጥ አይጎዳም፤ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚስበው። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፣ ጫፉ ስለገባ ብቻ አትግዙ። የሚሰካበት ቦታ ላልቶ ከጋለ ደግሞ ወዲያው ንቀሉ።

ከቡሬ፦ ችግሩ መብራቱ ነው። እኛ ጋ ይወርዳል፣ ይወጣል። ስታቢላይዘር ግዙ።

ከእንጅባራ፦ ቻርጀሩ እኮ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ስታቢላይዘር ለፍሪጅ ነው።

ከቡሬ፦ የጎረቤቴ ቻርጀር መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። እሱስ?

ከእንጅባራ፦ እሱ መቃጠል ነው። የተጠየቀው መጋል ነው!

መልስ፦ በቃ፣ ተዉት። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ከተመለሰ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ወደ ጉዳያችን።

ከደብረ ማርቆስ፦ ከሥሩ ነው የሚሞቀው። ማርቆስ እኮ ብርድ ነው፣ ለምን ይግላል?

መልስ፦ ብርድ ፋን አይጠርግም። አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አድርገህ ነው አይደል የምትጠቀመው?

ከደብረ ማርቆስ፦ አዎ፣ ግን ጋቢው ስስ ነው።

መልስ፦ ወይ ጉድ! አየር የሚያስገባው በሥሩ ነው። ጠረጴዛ ላይ አድርገው።

ከሞጣ፦ ማቀዝቀዣ ፋን ልግዛ?

መልስ፦ አቧራውን ሳትጠርግ? አትግዛ።

ከባሕር ዳር፦ እህትህ ነኝ። ጣት የምናንሸራትትበት ፓድ ከፍ ብሏል፣ አልጫን ይላል። ሙቀቱም እዚያው ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ አለበት፤ እስክጨርስ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ባትሪው አብጧል ማለት ነው። አሁኑኑ ንቀዪና አጥፊው። አትጫኚው፣ አትውጊው። ከተወጋ በእሳት ሊነሳ ይችላል። ጽሑፍሽ ያለው ዲስኩ ላይ ነው፣ ባትሪው ሲወጣ አይጠፋም። ብዙ ላፕቶፕ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሠራል፤ ባለሙያ ያውጣልሽና ጨርሺ። አዲስ ስትገዢ፣ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጊው። ሞልቶ መዋልና ሙቀት ሲገናኙ ነው ባትሪ ቶሎ የሚያረጀው። ያበጠውን ቆሻሻ ውስጥም እሳት ውስጥም አትጣዪው።

ከቡሬ፦ ስልክስ ሲሞቅ?

መልስ፦ ስልክ አልጠግንም።