ሠዓሊው መቼ ይጠራ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ከሠዓሊያን፣ ግማሾቹ ደግሞ ከውስጥ ዲዛይን ባለሙያዎችና ከባለቤቶች ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አንድ ግድግዳ ነው፤ እርስ በርስ ግን ሳይነጋገሩ። ስለዚህ አንድ ላይ መለስኳቸው።

«ሐዋሳ ለሚሠራ ሆቴል የውስጥ ዲዛይኑን ይዣለሁ። ለእንግዳ መቀበያው ኦርጅናል ሥዕል እንዲገባ ባለቤቱን አሳምኛለሁ። ሠዓሊውን ቀለም ቅቡ ካለቀ በኋላ ብጠራው ይሻላል?» (የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ)

አይሻልም እህቴ፤ ዛሬውኑ ደውይለት። ኮርኒሱ ሳይዘጋ፣ የመብራት ገመዱ ሳይዘረጋ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ሆቴል ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ሥዕል ሠርቼ ነበር። የተጠራሁት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ስንሰቅለው የአየር ማቀዝቀዣው በቀጥታ ሸራው ላይ ይነፍሳል። ከላይ ያለው መብራት ሥዕሉ ላይ ያለችውን ሴት ፊት ጨለማ ውስጥ ትቶ ጉልበቷን ያበራል። በስተቀኝ በኩል ማብሪያ ማጥፊያ ስለነበረ ሥዕሉን ወደ ግራ ገፋ አድርገን ሰቀልነው፤ ከሶፋው መሃል ወጣ። ማንም በክፋት ያደረገው አልነበረም። ኤሌክትሪሺያኑም፣ ዲዛይነሩም፣ እኔም የየራሳችንን ሥራ በደንብ ሠርተናል፤ አንድ ቀን እንኳ አብረን አልተቀመጥንም እንጂ። ዛሬም በዚያ ሆቴል በር ሳልፍ መግባት ይከብደኛል።

ተቃራኒውን ማየት ከፈለግሽ አዲስ አበባ ስትመጪ አፍሪካ አዳራሽን እዪ። አርክቴክቱ ጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ፣ ሠዓሊው የኛው አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ሕንፃው የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ባለቀለም መስታወት በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይተርካል። ያንን ሥራ ከዚያ አውልቆ ሌላ መስቀል አይታሰብም፤ ሥዕሉ ራሱ መስኮትም ግድግዳም ነው፣ ብርሃኑም በቀለሙ አልፎ ነው የሚገባው። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ2024 ታድሶ ሲከፈት መስታወቱም አብሮ ታድሷል። ሥዕልና ሕንፃ እንዲህ ሲጣመሩ አንዱን የሚጠብቅ ሌላውንም ይጠብቃል።

ወደ ሥራሽ ስመለስ፦ ለሠዓሊው የወለሉን ፕላን፣ የግድግዳውን ልክ፣ የመብራቶቹን ቦታና የእምነበረዱንና የእንጨቱን ናሙና ስጪው። በሥዕሉ ልክ ካርቶን ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና ከበሩም፣ ከደረጃውም፣ ከሶፋውም ሆናችሁ እዩት። ግድግዳው ጂፕሰም ከሆነ ከመዘጋቱ በፊት ሥዕሉ በሚሰቀልበት ቦታ ከኋላ ጣውላ ይግባበት። ግድግዳው ላይ በቀጥታ የሚሣል ከሆነ ደግሞ አዲሱ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ይድረቅ። እርጥብ ልስን ላይ ያረፈ ቀለም ነጭ ጨው ያወጣል፣ ከዚያ ይላጣል።

«ዲዛይነሯ የመጋረጃ ቁራጭ ሰጥታኝ ‹ከዚህ ጋር የሚሄድ ሥራልኝ› አለችኝ። እኔ የመጋረጃ ማድመቂያ ነኝ? እምቢ ልበላት?» (ወጣት ሠዓሊ፣ አዲስ አበባ)

ቅር መሰኘትህ ይገባኛል። ግን ጨርቁን አትመልስላት፤ ስቱዲዮህ ውሰደውና ሸራህ አጠገብ ስቀለው። ስለ ክፍሉ ከነገረችህ ነገር ሁሉ ተጨባጩ እሱ ነው። ደብዛዛ ሰማያዊ ከሆነ ያንኑ ሰማያዊ ብትደግመው ሥዕልህ ግድግዳው ውስጥ ይሰምጣል፤ የደረሰ ጤፍ ዓይነት ቢጫ ጣል ብታደርግበት ግን ጨርቁም ሥዕሉም ይነቃሉ። ይህን በትንሽ ወረቀት ሠርተህ አሳያት። እሷ በቀለም ስም ልትነግርህ ያልቻለችውን በጨርቅ ነግራሃለች፤ አንተም በቀለም መልስላት።

የምትጠብቀው ድንበር ግን ይኑርህ። ስለ መጠን፣ ስለ ድምቀት፣ ስለ ክፍሉ ስሜት ትናገር፤ መብቷ ነው። ምን እንደምትሥልና እንዴት እንደምትሥል ያንተ ነው። ሁለት ሦስት ንድፍ አቅርብላት፣ አንዱ ይመረጥ፣ በጽሑፍ ይጽደቅ። ሸራው ከተጀመረ በኋላ «ይቺን ሴትዮ አውጣት» የሚባል ነገር እንዳይመጣ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

«በትዕዛዝ የሠራሁትን ሥዕል ድርጅቱ ቦርሳና ካርድ ላይ አትሞ ለደንበኞቹ ያድላል። ለሥዕሉ ተከፍሎኛል፤ ስለ ኅትመት ግን ያወራነው ነገር የለም።» (ሠዓሊ፣ ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ መልሱ ላያስደስትህ ይችላል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም አባዝቶ የመጠቀም መብቱ፣ የአዛዡ ነው። ብዙ ሠዓሊ ይህን የሚሰማው እንዳንተ ከረፈደ በኋላ ነው። ስቱዲዮህ ውስጥ በራስህ ሐሳብ ሠርተህ የሸጥከው ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ገዢው የሚወስደው ሸራውን እንጂ የማባዛት መብቱን አይደለም።

ያም ሆኖ የሞራል መብትህ ካንተ ጋር ነው፤ የሠራኸው አንተ መሆንህ እንዲታወቅ መጠየቅ ትችላለህ። ቦርሳውን ገልብጠህ እይ፤ ስምህ አለበት? ሥዕሉስ ተቆራርጧል ወይስ እንዳለ ነው? ይህን ይዘህ መጀመሪያ በሰላም አነጋግራቸው፣ ካልሆነ የሕግ ባለሙያ አማክር።

ለቀጣዩ ሥራ ግን የአንድ ገጽ ውል ይኑርህ። የቅድሚያ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ የማጓጓዣውንና የመስቀያውን ወጪ ማን እንደሚችል፣ የማባዛት መብቱ የማን እንደሆነ ይጻፍበት። ዲዛይነሩ ከሥዕሉ ዋጋ ኮሚሽን የሚወስድ ከሆነም ባለቤቱም ሠዓሊውም እኩል ይወቁት። ኮሚሽን ነውር የለውም፤ ሰው አምጥቶ፣ አስማምቶ፣ ግድግዳ አዘጋጅቶ የደከመበት ነው። የተደበቀ ኮሚሽን ግን ሠዓሊና ዲዛይነር ዳግም አብረው እንዳይሠሩ ሲያደርግ ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ልጄ ሥዕል ገዝታልኛለች። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ሳሎኑ ጠባብ ነው። ምን ያህል ከፍ ይበል?» (እናት፣ አዲስ አበባ)

እማማ፣ የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 1.45 ሜትር ገደማ ላይ ይሁን። ከሶፋው በላይ ከሆነ ከመደገፊያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ይበል፤ እኛ ቤት እንግዳ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ብሎኬት ስለሆነ በትራፓኖ ተበስቶ ፊሸር ይግባበት፤ ሚስማር አይበቃም። ከረከቦቱ ግን ያርቁት። የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ በዓመታት ውስጥ ሸራውን ያጠቁረዋል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ያራግፉለት፤ እርጥብ ጨርቅ አያስነኩት።

«ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ምግብ ቤት ልንከፍት ነው። አዲስ አበባ ላለ ሠዓሊ ሥዕል ማዘዝ እንፈልጋለን። ዲዛይነራችን አሜሪካዊት ናት፤ ‹ባህላዊ ነገር› ነው የምትለው።» (ባልና ሚስት)

«ባህላዊ» ከተባለ እኔም በ44 ክፍል የሚሣለውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ እወደዋለሁ። ግን ሠዓሊውን ስትደውሉለት መጀመሪያ የራሳችሁን ንገሩት፤ እናታችሁ እንጀራ ስትጋግር የጭስ ማውጫው ቀዳዳ የት ነበር፣ ብርሃኑስ በየት በኩል ይገባ ነበር? ዲዛይነሯም በቪዲዮ ጥሪው ላይ ትኑር፣ ስታወሩ ትስማ። «ባህላዊ» ስትል ምን ለማለት እንደፈለገች ያን ጊዜ ትለየዋለች። ለሠዓሊው የክፍሉን ቪዲዮ በቀትርም በምሽትም ቀርጻችሁ ላኩለት። የምትገጥሙት ኤልኢዲ መብራት የቀለም ትክክለኛነት መለኪያው (CRI) 90 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ቀዩ ቡናማ ሆኖ ይታያችኋል።

ሥዕሉ ከፍሬም ወጥቶ፣ የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ ሰፊ ቱቦ ላይ ተጠቅልሎ ይምጣ። እዚያ መልሶ ለመወጠር በዙሪያው አሥር ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ሸራ ይተውለት። መክፈቻችሁ ከቀረበ ቶሎ በሚደርቀው በአክሪሊክ ቀለም እንዲሠራ ጠይቁት። የዘይት ቀለም ከመረጣችሁ ግን ሲነኩት የደረቀ መምሰሉ አያታላችሁ፤ ከሥር ገና ለስላሳ ነው። መክፈቻው ዕለት ያ ግድግዳ ባዶ ቢሆንም ስድስት ወር ስጡት።