መልስ፦ በልውውጥ የተገኘ ዘር ይበቅላል ወይ?
«ከሰፈር ሰዎች ተለዋውጬ ያገኘሁት የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር ለበልግ ይበቅልልኛል?» ላልሽው እህቴ፣ ሳትዘሪ ሞክሪው። 10 ፍሬ ቆጥረሽ በረጠበ ሶፍት ጠቅልዪና በፌስታል ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪ። ሶፍቱ ይርጠብ እንጂ ውኃ አይንጠብጠብ፤ ዘሩ ይሻግታል። በ10 ቀን 7 ካበቀለ ጥሩ ነው፤ 5 ከሆነ አብዝተሽ ዝሪ።

ሽንኩርቱን ግን እጠራጠራለሁ፤ ከዓመት ካለፈው ጉልበቱ ይደክማል። ቲማቲም በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ 4 ዓመትም ይቆያል፤ ብቻ ከዲቃላ (ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ ከተገኘ) ፍሬ የወጣ ከሆነ እናቱን ላይመስል ይችላልና ሰጪውን ጠይቂ።

ግቢሽ ጠባብ ከሆነ የቲማቲሙን ችግኝ ታቹ በተበሳ የእርጎ ኩባያ አፍዪው። ዘሩን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አትቅበሪ። ከ5 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈልግ ለመጋቢት ተከላ በጥር መጨረሻ ዝሪ። ወደ ክረምት ከገፋሽው እርጥበቱ በሽታ ያመጣና ቅጠሉን ያጠቁረዋል።