ሳይክሉን ልሽጠው ወይስ ልጄን እንደዋሸሁ ልቀጥል?

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣

ልጽፍልሽ እያሰብኩ ስተወው ቆይቼ ነበር። አሁን ግን በቃኝ።

አሜሪካ ያለችው ልጄ ለገና ብር ላከችና ወንድሟ የስፖርት ሳይክል ገዝቶ አመጣልኝ። ያ ቤት ውስጥ ቆሞ የሚነዳው። ጉልበቴን ካመመኝ ዓመታት ሆኖኛል። ሐኪሙም ራጁን አይቶ «በአጥንቶቹ መሃል ያለው ሽፋን ሳስቷል፣ የዕድሜ ነው» ብሎኛል። ልጄ «እማዬ፣ ለጉልበት ከሳይክል የተሻለ የለም» ብላ ድርቅ አለች። እኔ 61 ዓመቴ ነው፤ በልጅነቴ እንኳን ሳይክል ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ሳሎናችን ጠባብ ነው። ሳይክሉ ሶፋና ቴሌቪዥኑ መሃል ተገትሯል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማስረዳት ነው። ጎረቤቴ «ዛሬስ የት ደረሱ?» እያለች ትስቅብኛለች። የወደደው የልጅ ልጄ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወርድ እዚያ ላይ ነው። በተረፈ ነጠላ ማስጫ ሆኗል።

እሁድ ማታ ልጄ በቪዲዮ ትደውላለች። «እስቲ ውጪና ልይሽ» ትላለች። እኔ ወልጄ ባሳደግኳት እሷ አሠልጣኜ ሆና ቁጭ አለች! ደስ እንዲላት ብዬ ቀደም አድርጌ የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክ እውጥና እወጣለሁ። ያኔ ምንም አይለኝም፤ እየሳቅኩ እነዳለሁ። ጉዱ ሌሊት ነው። ጉልበቴ ፊት ለፊቱን ሲጠዘጥዘኝ ያድራል። ጠዋት ደረጃውን የምወርደው ብረቱን ሙጭጭ አድርጌ በጎኔ ነው፤ ያለነው 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ኮንዶሚኒየም። ክኒኑን አሁን አሁን በሌላውም ቀን ጠዋትና ማታ ነው የምወስደው። ከፋርማሲ እገዛለሁ፣ ከግፊቴ ክኒን ከኢናላፕሪሉ ጋር አብሬ እውጠዋለሁ። እሱ አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ሳይክሉ ነው።

ባለቤቴ «ሸጠሽ ተገላገይ» ይላል። ልሽጠው?

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው። ሐምሌ ላይ ላርሳት ልሄድ ቪዛው ተመቶልኛል። ሳይክሉንም የገዛችልኝ «እስክትመጪ ጉልበትሽ ይበርታ» ብላ ነው። እሷ ቤት መኝታው ፎቅ ላይ ነው። ሕፃኑን ታቅፌ በዚያ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ቢከዳኝስ? አልችልም ልበላት? ልጇን አራስ ቤት ጥላ የምትቀር እናት አለች?

ጉልበቷ የከዳት፣ ከጀሞ

—

እናቴ፣

ሳይክሉ ይቆይልን። እኔን ያስደነገጠኝ «እሱ አያስቸግረኝም» ብለው ያለፉት ክኒን ነው።

ዳይክሎፌናክ ከረሜላ አይደለም። ሐኪም ሳያውቀው ጠዋት ማታ ሲወሰድ ጨጓራ ሊያቆስል፣ ግፊት ሊጨምር፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ከኢናላፕሪል ጋር ሲሆን ደግሞ አንዱ ግፊቱን ላውርድ ሲል ሌላው ሥራውን ያበላሽበታል፤ ኩላሊት ላይ ያለው ጫናም ይብሳል። ሽንት የሚያበዛ ክኒን ጨምረውልዎት ከሆነ እንዲያውም አደጋው ከፍ ይላል። «ከፋርማሲ እገዛለሁ» ብለው ሲነግሩኝ፣ የግፊት ክኒን እንዳለዎት ለሻጩ ነግረውታል? እንዳልነገሩት ልወራረድ እችላለሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሁለቱንም ክኒን በእጅዎ ይዘው፣ እንዳለ ያሳዩ። ግፊትዎ ይለካ፣ ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራም ይሠራልዎት። ለሕመሙ ምን ይሻለኛል ብለው ይጠይቁ። የሚቀባም አለ፤ ከሚዋጠው ይልቅ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ኢናላፕሪሉን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ! ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያኔውኑ ይሂዱ።

ክኒኑ ሌላም ጣጣ አለው። ውጠው ሲነዱ ጉልበትዎ «በቃኝ» ቢልም አይሰሙትም። ሌሊት ይሰሙታል።

በሳይክሉ ነገር ግን ከልጅዎ ጋር ነኝ፣ አይቀየሙኝ። እዚያ ላይ ሲቀመጡ ክብደትዎን የሚሸከመው ወንበሩ ነው። ያ የሳሳው ሽፋን የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ሰው «አርፈሽ ተቀመጪ» ሲልዎት የጭን ጡንቻዎ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው ደግሞ እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ያምዎታል? የልጅ ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥቶ ይወጣበታል ብለዋል። ወንበሩ በማን ቁመት ነው ያለው? ወንበር ዝቅ ሲል ጉልበት ከመጠን በላይ ይታጠፋል፣ የሚያመውም ልክ እርስዎ እንዳሉት ፊት ለፊቱን ነው። ፔዳሉን ታች አድርሰው ተረከዝዎን ያሳርፉበት፤ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ካላለ ወንበሩ ከፍ ይበል። ከዚያ በእግርዎ የፊት መዳፍ ሲረግጡ ጉልበትዎ በጥቂቱ ብቻ ይታጠፋል። ማክበጃውን ቁልፍም ይዩት፤ ልጅ የማይነካው ነገር የለም፣ መጨረሻ ላይ አድርሶት ሊሆን ይችላል። ወደ ቀላሉ ይመልሱት። ሲወጡ የሚደገፉት እንዲኖር ሳይክሉን ግድግዳ አስጠጉት። በነጠላ ጫማ አይንዱ።

ለጊዜው 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ ይሁን እንጂ ለእሁድ ቪዲዮ ብቻ አይሁን። ከጎረቤትዎ ጋር እያወሩ መንዳት ከቻሉ ልኩ ነው፤ ትሳቅ፣ ምን ቸገረዎት። በማግስቱ ሕመሙ ከወትሮው ከባሰ ይቀንሱ፤ ካልባሰ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ። ጉልበቱ ካበጠና ከጋለ፣ ወይም ተቆልፎ አልዘረጋም ካለ ግን ያቁሙና ይታዩ። ቡናውን በበርጩማ ተቀምጠው የሚያፈሉ ከሆነም ከፍ ባለ ወንበር ያድርጉት። ከዚያ ወንበር እየተነሱ መቀመጥ ራሱ ለደረጃ የሚሆን ስፖርት ነው። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው።

አሁን ወደ ልጅዎ ጉዳይ። እሁድ እሁድ የሚያሳዩዋት የክኒኑን ጉልበት ነው። እሷ ደግሞ ያንን አምና ነው አራስ ቤቷን የምታሰናዳው። ይንገሯት። «አልችልም» አይበሏት፤ «ደረጃ አታስወጪኝ» ይበሏት። ነፍሰ ጡር ናት ትጨነቃለች ብለው እንዳይደብቁ፤ ሕፃን ታቅፈው ደረጃ ላይ ቢወድቁ የሚመጣው ጭንቀት ይብሳል። አልጋዎ ምድር ቤት ይዘርጋ። ሕፃኑን ይዞ የሚወጣና የሚወርድ ባሏ ነው። ገንፎውንም እሱ ያማስል፣ ቅቤውን እርስዎ ይጨምሩበት። አራስ የምትፈልገው እናቷ አጠገቧ ቁጭ እንድትልላት ነው፤ ቁጭ ማለት ደግሞ ጉልበት አይፈልግም።

ስለዚህ ይሂዱ። ሐኪሙ ካልከለከለዎት በስተቀር አይቅሩ። ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር አስቀድማ ታስመዝግብልዎ፤ ቦሌ ላይ በዊልቸር የሚገፉትን እናቶች አይተው የለ? ምንም አያሳፍርም። በረራው ረጅም ነው፤ መተላለፊያው በኩል የሆነ ወንበር ይጠይቁና እየተነሱ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። የግፊት መድኃኒትዎንም በእጅ ቦርሳ ይያዙት፣ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።