ለጉድጓድ ከማዋጣታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ተራራውን እዩ

ዋሽንግተንም ይሁን ፍራንክፈርት፣ ሜልበርንም ይሁን ሪያድ፣ የአገር ልጅ ተሰብስቦ ለትውልድ ቀዬው ገንዘብ ሲያዋጣ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣለት ጉድጓድ ነው። ይቆፈራል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ የለጋሾቹ ስም እብነ በረድ ላይ ይጻፋል፣ ፎቶው በቴሌግራም ይዞራል። በሁለተኛው በጋ ፓምፑ ይቆማል። በሦስተኛው ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ድሮው ወንዝ ይመለሳሉ። እብነ በረዱ ብቻ ፍንክች አይልም። ይህ ሲደጋገም ያየ ሰው አለሳልሶ መምከር ያቅተዋል፤ ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

1. ወረቀት

የወረዳውን ውሃና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በደብዳቤ አሳውቁ፤ የባንክ ሒሳቡ በአንድ ዘመድ ስም ሳይሆን በውሃ ኮሚቴው ስም ይከፈት፣ ሦስት ፈራሚም ይኑረው። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለማሽን ቁፋሮ ግን ይጠየቃል። ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ማንንም አልገደለም።

2. ጎርፍ የሚተኛበት መሬት

ርብና ጉማራ ፎገራ ላይ፣ ባሮ ጋምቤላ ላይ፣ ዋቢ ሸበሌ ቀላፎና ሙስታሂል ላይ እንደሚሞሉ ነዋሪው ያውቀዋል። የማያውቀው ከውጭ ብር ልኮ ርካሽ ቦታ የሚገዛው ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ዳር ቦታ ረከሰ ብላችሁ አትግዙ። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ሌሊት ነው፤ ዝናቡን የጣለው ደግሞ ከከተማው በላይ ያለው ደጋ ነው። ደመናውን ቀና ብሎ አይቶ የሚሸሽ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ትልቅ ብር አያስፈልግም። ርብና ጉማራ የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ላይኛው ቀበሌ ላይ ሁለት ሰው፣ ታችኛው ላይ ሁለት ሰው ተመርጦ፣ ላይኞቹ ወንዙ ምልክት ከተደረገበት ድንጋይ ሲያልፍ ለታችኞቹ ይደውላሉ። የሞባይል ካርድ፣ ባትሪ ያለው የድምፅ ማጉያ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ትንሽ ሶላር፤ ይህ ሁሉ ከአንድ የሠርግ ድግስ ያነሰ ነው። ሁለት ሁለት ሰው ያልኩት አንዱ ገበያ ቢሄድ ወይም ስልኩ ቢዘጋ ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ ነው።

ከዚያ ሽማግሌዎችን ጠይቁና ውሃው ከዚህ በፊት የደረሰበትን ከፍታ ዛፍና ግድግዳ ላይ አስቀልሙ። ጎተራውም፣ የጉድጓዱ አፍም፣ የመጸዳጃ ቤቱ ወለልም ከዚያ ቀለም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበሉ። ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ውሃው ተቀድቶ ወጥቶ በክሎሪን ሳይታከም አይጠጣም።

የአፈር ግድብ እንሥራ የሚላችሁን ግን ሁለቴ ጠይቁት። ግድቡ ውሃውን ወደ ጎረቤት ቀበሌ ይገፋዋል፤ ሲሰበር ደግሞ ቀስ ብሎ ይመጣ የነበረው ጎርፍ ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ፎገራ ላይ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ጎርፉን ጨርሶ ማስቀረት የሚፈልግ ገበሬ ሁሉም አይደለም።

ተዳፋት ላይ ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ዛፎች ካዘነበሉ፣ ምንጩ በድንገት ከደፈረሰ ወይም አዲስ ውሃ ካፈለቀ ቤቱን ለቆ መውጣት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ጎፋ ዞን፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ላይ ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ።

3. ውሃው

ቀበሌው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ምንጭ ካለ ስለ ቁፋሮ ማውራት አቁሙ። ምንጩን ለኩ። 20 ሊትር ጀሪካን በ100 ሰከንድ ከሞላ በቀን 17,280 ሊትር ነው፤ ለአንድ ሰው 20 ሊትር ብታስቡ ከ800 በላይ ሰው ያጠጣል፣ የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ታንከር ከተሠራለት። ልኬቱ ግን የበጋው መጨረሻ ላይ ይሁን፦ ክረምት ዋና ዝናቡ በሆነበት አገር ግንቦት፣ ዝናቡ በመጋቢት በሚጀምርበት በቦረና ደግሞ የካቲት። በጥቅምት የተለካ ምንጭ ሁሉንም ያታልላል።

ምንጭ ማጎልበት ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው። ግንበኛው ብዙ ውሃ ለማጠራቀም ሲል ምንጩ ላይ የሚገነባውን የውሃ ሳጥን ከፍ ያደርግና ውሃው ከዓይኑ በላይ እንዲቆም ያስገድደዋል። ውሃ ሲጫነው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ምንጩ በጎን ወጥቶ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ከምንጩ ዓይን ዝቅ ማለት አለበት። ከላዩ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ዙሪያው አጥር፣ ለከብት የተለየ ገንዳ ይሠራ። ባሕር ዛፍ ከምንጩ በላይ አይተከል፤ ተተክሎ ከሆነም ይቆረጥ።

የእጅ ጉድጓድ ከሆነ የሚቆፈረው በበጋው መጨረሻ ነው። በመስከረም የሚቆፍር ሰው በአራት ሜትር ውሃ ያገኝና ይጨፍራል፤ በመጋቢት ውሃው ወርዶ ጉድጓዱ ደረቅ ነው። አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ይስባል። ቶሎ የሚበላው የፒስተኑ ጎማ ነው፣ ትንሽ ዕቃ። ያ ጎማ በጊዜው ስላልተቀየረ ስንት ፓምፕ ቆሟል! ፓምፑን ስትገዙ የሁለት ዓመት ጎማ አብራችሁ ግዙ፣ መፍቻውንም፤ ሁለት ሰው፣ አንዷ ሴት ትሁን፣ ፓምፑን ነቅለው መልሰው እንዲገጥሙ ይሠልጥኑ። ሴቶቹን የምለው ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ስለሆኑ ነው፤ ፓምፑ ሲከብድ ክንዳቸው ያውቀዋል።

ጥልቅ ጉድጓድ ካላስቆፈርን ብላችሁ ከማላችሁ ሁለት ነገር አትዝለሉ። አንደኛው ቢያንስ የ24 ሰዓት የፓምፕ ሙከራ ነው፣ ውሃው ሳያቋርጥ እየተሳበ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚለካበት፤ የሁለት ሰዓት ሙከራ ሪባን ለመቁረጥ ብቻ ያገለግላል። ሁለተኛው የውሃው ምርመራ ነው፣ በተለይ በስምጥ ሸለቆ። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የልጆቹን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስና ሲቆይ አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ይተንና ፍሎራይዱ ይቀራል። እንዲህ ባለ አገር የትምህርት ቤት ጣሪያ ይሻላል፦ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ አምስት አንድ እጁ ባክኖም 24,000 ሊትር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ታንከሩ አይግባ።

4. ተራራው

አሁን ወደ ዋናው። ጉድጓዱ ለምን ደረቀ? ከላይ ያለው ተራራ ራቁቱን ስለሆነ ነው። ዝናቡ ይዘንባል፣ መሬት ውስጥ ለመግባት ጊዜ አያገኝም፣ አፈሩን ይዞ ይነጉዳል፤ ታች ጎርፍ፣ ላይ ድርቅ። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባለው መንደር ይህን ቀድሞ ገብቶት እርከንና ክትር (ቦረቦር የሚዘጋ ካብ) ሠራ፣ ተራራውን ከልቅ ግጦሽ ከለለ፣ ውሃው ወደ ጉድጓዶቹ ተመለሰ፤ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ሰጠው። ኮንሶማ ለዘመናት ሲሠራው ኖሯል። ለዚህ ብር የሚያዋጣ ማኅበር ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ እርከን ፎቶ ላይ አያምርም፣ ስማችሁም አይለጠፍበትም። የሚያስቆጨው ይኸ ነው።

አንድ ሄክታር፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት እንውሰድ። እርከኖቹ በከፍታ 1.5 ሜትር ከተራራቁ በመሬቱ ላይ በየ15 ሜትሩ አንድ ይመጣል፤ በሄክታር ወደ 670 ሜትር ነው። በአገራችን የሥራ መለኪያ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው) ይወስዳል፤ እናም ሄክታሩ 100 የሰው ቀን ያህል ነው። በቀበሌው የቀን ሥራ ዋጋ አባዙትና ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ስንት ሄክታር እንደሚሸፍን ስታዩ ትደነግጣላችሁ።

ቦዩ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ጥልቀት። አፈሩ ወደ ታች ይካብና ይጠቀጠቅ፤ በቦዩና በካቡ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልተነካ መሬት ይተው፣ አለዚያ አፈሩ ተመልሶ ቦዩን ይሞላዋል። ቦዩ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ሳይቆፈር የሚቀር መቁረጫ ይኑር፤ አንዱ ጋ ካቡ ቢሰበር የሁሉም ውሃ እዚያ እንዳይሮጥ።

ከሁሉ በላይ ግን ልኬት! 10 ሜትር ሲባጎ፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት እንጨቶች፣ ሲባጎው መሃል ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ። ውሃ ልኩን ገልብጣችሁ ድጋሚ እዩ፤ አረፋው ሌላ ቦታ ከቆመ መሣሪያው ውሸታም ነው። በዓይን ግምት የተቀደደ እርከን ውሃውን ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ነጥብ ይሰበስባል፣ እዚያ ይሰብረዋል፣ ድሮ ያልነበረ ቦረቦር ይፈጥራል። በዘመቻ ተሠርቶ በአንድ ክረምት የፈረሰ እርከን ሁሉ ታሪኩ ይኸው ነው። ሥራው ከላይ ይጀመር፤ መጀመሪያ ጎርፍ መቀልበሻው፣ ከዚያ ላይኛው እርከን፣ ከዚያ ወደ ታች። ታችኛውን መጀመሪያ የሠራ የላዩን ጎርፍ ሁሉ ይቀበላል።

ዋልካ ወይም መረሬ አፈር ላይ ግን ደልዳላ እርከን ሰብሉን ያሰምጠዋል። እዚያ በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ሣር ወደ ለበሰ የውሃ መውረጃ ይሂድ። የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ፤ ቢሮው ባዶ እጁን ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ ባለሙያ ብዙ ነው።

ቦረቦር ካለ ጋቢዮን ሽቦ (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ለመግዛት አትቸኩሉ። ክትሩ ከሁለቱም ግድግዳና ከወለሉ ግማሽ ሜትር ካልገባ ውሃው በጎኑ ዞሮ ያልፈዋል፣ ውድ ሽቦውም መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ ይቀራል። መሃሉ ከዳሩ ዝቅ ይበል፣ ውሃው በመሃል እንዲያልፍ፤ ውሃው የሚወድቅበት ቦታ በድንጋይ ይነጠፍ። የታችኛው ክትር ጫፍ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ሲሆን ርቀቱ ትክክል ነው።

ስለ ችግኝ ደግሞ ስንት ተተከለ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ስንት ጸደቀ በሉ። በፕላስቲክ ከረጢቱ እንዳለ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ ተጠምጥሞ ይሞታል። ብዙ ቦታ ደግሞ ችግኝ እንኳ አያስፈልግም፤ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ ያገገመው በዋናነት ከነባር ጉቶዎች ነው፣ ከብት ሲከለከልና ቡቃያው ሲመለመል።

ገበሬው እርከኑን ያፈርሰዋል ብላችሁ አትክሰሱት። መሬቱን ይሻማበታል፣ በሬ ማዞሪያ ያጣል፣ አይጥ ይራባበታል። ካቡ ላይ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ተተክሎለት አጭዶ ለከብቱ ሲሰጥ ግን ራሱ ይጠብቀዋል። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ሣሩም እርከኑም በአንድ በጋ ይረገጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪያችሁ የጥበቃ ደመወዝ ይሁን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት፤ መተዳደሪያ ደንቡን ግን ቀበሌው ራሱ ያውጣ።

ብሩን ባንድ ጊዜ አትላኩ። አንድ ሦስተኛው ለመሣሪያና ለልኬት፤ አንድ ሦስተኛው ቦዩ በሜትር ተለክቶ ሲያልቅ፤ የቀረው ሲሶ በመስከረም፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ የተሰበረው ቦታ ተቆጥሮ ሲጠገን። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዝናቡ ሳይገባ ቦዩ ይጠረጋል፣ የወጣው አፈር ወደ ካቡ ይመለሳል፤ የዚህን የሰው ቀን ከወዲሁ በጀት ውስጥ አስገቡት።