የሰፈራችን መንገድ የማን ሥራ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደሴና ከኮምቦልቻ በመንገድ፣ በደኅንነትና በበጀት ላይ ከደረሱን ጥያቄዎች ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል። አንዳንዶቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የክልል ምክር ቤት ተወካያችን በሕዝብ ስብሰባ ላይ ከሰፈራችን እስከ ዋናው አስፋልት ያለውን መንገድ "አሠራላችኋለሁ" ብለው ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ፤ መንገዱ ዛሬም ጭቃ ነው። ለመሆኑ ሥልጣኑ አላቸው? (ከሸዋ በር፣ ደሴ)

መልስ፦ የማሠራት ሥልጣን የላቸውም፤ የመጠየቅና በጀት የማጽደቅ ግን አላቸው። ከኮምቦልቻ በደሴ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያልፈው ዋና መንገድ የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው። ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኙ ብዙ መንገዶች የክልሉ ናቸው። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶንና የውሃ መውረጃ ቦይ ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ነው፤ ገንዘቡን የሚደለድለውም የከተማው ምክር ቤት ነው። ተወካይዎ የሚቀመጡበት ባሕር ዳር ያለው ምክር ቤት ለከተሞችና ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ ያጸድቃል እንጂ ይህ ሰፈር ይሠራ ብሎ አይወስንም። ስለዚህ "አሠራላችኋለሁ" ማለት በሰው በሬ እንደማረስ ነው።

ይልቅ በእጃቸው ያለውን ይጠይቋቸው። የሚመለከተውን ቢሮ ኃላፊ በጉባዔ ላይ ጠይቀዋል? ቋሚ ኮሚቴው ለመስክ ምልከታ ሲመጣ ሰፈራችሁ እንዲካተት አድርገዋል? በኦዲት ሪፖርት ላይ የከተማችሁ ግኝት ሲነሳ ምን አሉ? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሏቸው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ነገር ግን ለአንድ መንገድ ሲባል እዚያ ድረስ መሄድ አይመከርም።

ጥያቄ፦ የቅሬያችን (የዕድራችን) አባላት ተሰብስበን ለመንገዳችን ማመልከቻ በሐምሌ አስገባን። "የዘንድሮው በጀት አልቋል" ተባልን። ዓመቱ ገና ሲጀምር እንዴት ያልቃል? (ከበርበሬ ወንዝ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አላለቀም፤ ተደልድሏል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የፌዴራሉ በጀት በሰኔ ይጸድቃል፣ ክልሉ ድርሻውን አውቆ ብዙውን ጊዜ በሐምሌ ያጸድቃል፣ ከተማው ይከተላል። ከሐምሌ በፊት ግን መሥሪያ ቤቶች የፕሮጀክት ዝርዝራቸውን አዘጋጅተው፣ ከበጀት ጣሪያው ጋር አስተያይተው፣ የሚወጣውን አውጥተዋል። ጥያቄያችሁ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የነበረበት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በሐምሌ የሚገባ ማመልከቻ ለሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ያውም ፋይል ውስጥ ተረስቶ ካልቀረ።

"መንገድ ይሠራልን" የሚል ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ መሐንዲሱን አይረዳውም። ርዝመቱንና ስፋቱን በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ለምሳሌ 180 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 1,080 ካሬ ሜትር ነው። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የተጠረበ ድንጋይ በካሬ ሜትር እስከ 100 ስለሚገባ፣ 100 ሺህ ያህል ድንጋይ ማለት ነው። ቦዩ በሁለቱም በኩል ከሆነ 360 ሜትር ይጨመራል። ይህን ያየ ባለሙያ ዋጋውን በዚያው ቀን ሊገምት ይችላል። በመንገዱ የሚጠቀመውን ቤት ብዛት፣ በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ካለ እሱን፣ ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚወርድ፣ በዝናብ ቀን የተነሳ ፎቶ ጨምሩ። የኅብረተሰብ መዋጮ ካላችሁ በባንክ አስገብታችሁ ደረሰኙን አያይዙ፤ "እናዋጣለን" ከሚል ቃል ደረሰኝ ይበልጣል። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ያለበት አንድ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቅር።

አንድ ስህተት ደጋግሞ ይታያል። ገንዘቡ እንዳያንስ ተብሎ ቦዩ ይቀራል፣ ድንጋዩ ብቻ ይነጠፋል። በእኛ አገር ተዳፋት ላይ ቦይ የሌለው ኮብልስቶን ብዙ ክረምት አይሻገርም። ገንዘቡ ካነሰ 180ውን ሜትር ያለ ቦይ ከማንጠፍ 100 ሜትሩን ከነቦዩ መሥራት ይሻላል።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ደቡብ ወሎ በልግም ክረምትም አለው፤ አፈር ቆርጦ ለመጠቅጠቅ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ጨረታው ዘግይቶ ውሉ ግንቦት ላይ ከተፈረመ ተቋራጩ በጭቃ ይሠራል፤ ወይም ሰኔ 30 ሲደርስ ገንዘቡ ሳይሠራበት ይቀራል። የምክር ቤት አባልን ልትወተውቱ ከሆነ በኅዳር "ጨረታው ወጥቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉም የበለጠ ፍሬ የሚያፈራው ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ አምና የተነጠፈልን ኮብልስቶን በነሐሴ ዝናብ ሰመጠ። ማን ነው የሚጠግነው? (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክቡ፣ ማለትም ሥራው እንዳለቀ የሚደረገው የመጀመሪያ ርክክብ፣ መቼ እንደተፈጸመ ይጠይቁ። በተለመደው የግንባታ ውል ከጊዜያዊ እስከ መጨረሻ ርክክብ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት፣ ተቋራጩ የራሱን ጉድለት በራሱ ወጪ ያርማል። ከክፍያው ተቀንሶ የሚያዝ ገንዘብም አለ፤ በተለምዶ 5 በመቶ ነው። የመጨረሻ ርክክቡ ከተፈረመ በኋላ ግን ጥገናው በከተማው በጀት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ከዚያ ቀን በፊት መድረስ አለበት።

ምክንያቱን ከስምጠቱ ቅርጽ መገመት ይቻላል። በቀጭኑ መንገዱን አቋርጦ የሰመጠ ከሆነ፣ የውሃ መስመር ለመቅበር ተቆፍሮ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ የተመለሰበት ነው፤ ያ የተቋራጩ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ዳር ዳሩ ከተንሸራተተ የጠርዝ ድንጋዩ በኮንክሪት አልተያዘም፣ ወይም ቦዩ ሞልቶ ከሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎታል። መሐሉ እንደ ሳህን ከጎደጎደ የታችኛው አፈር አልተጠቀጠቀም። ከድንጋዩ በታች ያለው አሸዋ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ጉድጓድን በአሸዋ ሞልቶ ማስተካከል የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው። ሁለት ድንጋይ አስነስታችሁ አሸዋውን በማስመሪያ ለኩ፤ መሐንዲሱ ባለበት ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ከባድ መኪና በሚያልፍበት ዋና መንገድ ዳር ነው። አዋጥተን ብሬከር (የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ) ብንሠራስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አትሥሩ። መንገዱ የፌዴራል ነው፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ጉብታ ይፈርሳል፣ በሌሊት የሚመጣ ሞተረኛም ይጥላል። ሰው በእጁ የሚሠራው አብዛኛው ብሬከር አጭርና ሹል ነው። ደረጃውን የጠበቀው ክብ ጉብታ በመኪናው አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ከፍታውም ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀለምና ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክትም ይኖረዋል። ጥያቄውን በትምህርት ቤቱ ማኅተም ለመንገዶች አስተዳደር ጻፉ፤ ከከተማው ትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ ማስረጃ አያይዙ። የዜብራ ማቋረጫና ሕፃናቱን ወደ ማቋረጫው የሚመራ የብረት አጥርም ጠይቁ።

ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ዓይነት ቁልቁለት ላይ ግን ብሬከር መፍትሔ አይደለም። ጭነት የያዘ ተሳቢ ጉብታ ባየ ቁጥር ፍሬን ሲረግጥ ፍሬኑ ይግላል፣ በመጨረሻም እምቢ ይላል። እዚያ የሚያስፈልገው በከባድ ማርሽ እንዲወርዱ የሚያዝ ምልክት፣ ከቁልቁለቱ በፊት ቆሞ ፍሬን መፈተሻ ሰፊ ቦታና የክብደት ቁጥጥር ነው። ይህ ሰፈር ሊያዋጣለት የሚችል አይደለም፤ የክልሉም የፌዴራሉም ተወካዮች አብረው ሊጮኹለት የሚገባ ነው።

ጥያቄ፦ የመንገድ መብራታችን ጠፍቷል። (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ አንዱ ምሰሶ ብቻ ከጠፋ አምፖሉ ወይም የራሱ ግንኙነት ነው። መስመሩ በሙሉ ከጠፋ ፊውዙ፣ የተቆረጠ ኬብል ወይም ያልተከፈለ ሒሳብ ሊሆን ይችላል። ቀን ከበራ ብርሃን ለይቶ የሚያበራው መሣሪያ ተበላሽቷል። የምሰሶውን ቦታ ለይታችሁ ለማዘጋጃ ቤቱ አሳውቁ።

ጥያቄ፦ "ሁሉም ገንዘብ ለጸጥታ ሄደ" ይባላል። እውነቱን እንዴት እናውቃለን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በወሬ አይታወቅም። የጸደቀውን በጀት ስታነቡ መደበኛውን ከካፒታሉ ለዩ፦ የፖሊስ ደመወዝና ነዳጅ መደበኛ ነው፣ የፖሊስ ጣቢያ ግንባታ ካፒታል ነው። መንገዳችሁ ያለው ካፒታሉ ውስጥ ነው። ከዚያ የጸደቀውን በዓመቱ መጨረሻ ከወጣው ጋር አስተያዩ፤ ጉዱ ያለው ሁለቱ ቁጥሮች ሲለያዩ ነው። ሰነዱን ከፋይናንስ መምሪያው በጽሑፍ ጠይቁ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መሥሪያ ቤቱ መልስ ካልሰጠ ወይም ከከለከላችሁ አቤቱታውን መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቅርቡ።