መልስ፦ እጁን ጨብጦ ስለሚውለው ልጅ

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም «በ7 ወሩ የተወለደው ልጄ አሁን 6 ወር ሞላው፤ ግራ እጁን ግን ጨብጦ ይውላል። ሲያድግ ይተወዋል ይሉኛል» ብለሻል። እባክሽ አትጠብቂ። እኔም እንዲሁ ተብዬ ዓመት አሳልፌያለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀድሞ የተወለደበትን 2 ወር ቀንሺ፤ ዕድሜው 4 ወር ይሆናል። አንድ እጅን ጨብጦ መዋል የሴሬብራል ፓልሲ (ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዕድሜ ደግሞ እሱን ቀድሞ ለመለየት ጥሩ ጊዜ ነው። ነቅቶ ሳያለቅስ በጀርባው አስተኚው። ልብሱን ቀለል አድርጊለት፤ እጅና እግሩ ይታይ። መጫወቻ ሳትሰጪው 3 ደቂቃ ያህል በስልክሽ ቅረጪው። የሕፃናትን እንቅስቃሴ በማየት የሰለጠነ ባለሙያ ቪዲዮውን ሲያይ ከአንገቱ፣ ከእጁ አንጓና ከቁርጭምጭሚቱ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ብዙ ይረዳል።

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ የወሊድ ወረቀቱን እንዳትረሺ። ፊዚዮቴራፒም (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ምርመራው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ጠይቂያቸው።